ብርቱካናማው ሻንጣ አይሸጥም

ግንቦት 3 ቀን፣ ከሱቁ ጓዳ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ፣ ለሚጡዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው፤ ግፊቱ ወርዶለታል። ስልክ ላይ የነገርኩሽን ሁሉ ግን ለጊዜው እርሺው። ስንነጋገር አባትሽ ስፒከር ላይ አድርጎ አጠገቤ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ። «እኔም ልጄን ልስማት እንጂ!» ይላል፤ ምን ትይዋለሽ? የምትልኪውንም ጽሑፍ ቀድሞ የሚያነበው እሱ ነው። ለዚህ ነው እንደ ድሮ ሰው ብዕር ያነሣሁት። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ደንበኛችን መምህርቷ ናት። መካከለኛ ሻንጣ መርጬላት ከውስጥ ኪሱ ከትቼላታለሁ፤ ታማኝ ሰው ናት፣ ማክሰኞ እጅሽ ይገባል።

«እማዬ፣ ሻንጣ ስትመርጪ በጣም ትልቅም በጣም ትንሽም እንዳይሆን» ብለሽ መክረሽኛል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! አንቺ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ ሻንጣ ስሸጥ የኖርኩ ሴት እኮ ነኝ። አባትሽ ገዢ ሲገባ «ስንት ቀን ትቆያለህ?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን «ማን ይሸከምልሃል?» ነው የምለው። ጎማ ያለው ሻንጣ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀላል ነው፤ ሰውና ሻንጣ የሚተዋወቁት ደረጃ ላይ ነው። ብቻህን የማታወጣው ሻንጣ ያንተ ልክ አይደለም ብዬ ስንቱን መክሬያለሁ መሰለሽ።

ለራሴ ግን ሻንጣ የለኝም። አምና የመጀመሪያውን ቲኬት ስትልኪልኝ ሰማያዊ መካከለኛ መረጥኩ። አባትሽ «ያምርብሻል» አለኝ፤ በማግስቱ ሸጠው። «ደንበኛ ለመነኝ፣ የሚቀጥለው ጭነት ሲመጣ ከዚህ የተሻለ አወጣልሻለሁ» አለ። ጭነቱ መጣ፣ ጥቁሩን መረጥኩ፣ እሱም ተሸጠ። ሰው ፊት «ሂጂ፣ ማን ያዘሽ?» ይለኛል፤ ቀኑ ሲደርስ ደረቱን ይይዛል። ሁለቱም ቲኬት እንዲሁ ተቃጠለ። ለማን ይነገራል? «ባሌ ሻንጣ ሸጠብኝ» ብል ሻንጣ ሻጭ ምን እንዲሸጥ ፈለግሽ ብለው ይስቁብኛል። አንድም ቀን እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ክፉ ቃል እንኳ አይወጣውም። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ሻንጣን የመሰለ የዋህ!» ይለዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ እኔም እየሳቅኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ጠዋት ከጓዳ ወደ ሱቅ፣ ማታ ከሱቅ ወደ ጓዳ። ገበያ ስወጣ እንኳ «ልያዝልሽ» እያለ ይከተለኛል። ለሌላው ሰው ሻንጣውን እዘጋለታለሁ፣ ዚፑን አሳየዋለሁ፣ «በሰላም ግባ» ብዬ እሸኘዋለሁ። አንዳንዴ እዚያው ባንኮኒው ጋ ቆሜ አየር ያጥረኛል ልጄ።

እናም ሦስተኛውን ቲኬት ስትልኪ ምርጫዬን ለማንም አልተናገርኩም። ላይኛው መደርደሪያ ጫፍ ላይ ያለውን ትልቁን ብርቱካናማ ታስታውሺዋለሽ? ቀለሙ ዓይን ስለሚወጋ ማንም ሳይገዛው የቀረው። ለእይታ የሚቀመጥ ሻንጣ ቅርጹን እንዲይዝ ጋዜጣ እየጨማደድን እንሞላው የለ፤ በልጅነትሽ ያንቺ ሥራ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ግን አስለቀቅኩት። አቧራ ላራግፍ ብዬ መሰላል ላይ በወጣሁ ቁጥር ጥቂት ጋዜጣ አወጣለሁ፣ በጉያዬ የያዝኩትን ልብስ እከታለሁ። በጋዜጣው መስታወት እወለውልበታለሁ። የሱቁ መስኮት እንደዚያን ሰሞን ጠርቶ አያውቅም፤ አባትሽ ለገባው ሁሉ «የባለቤቴን እጅ እዩልኝ!» እያለ ያሞግሰኝ ጀመር።

ስህተቴን ደግሞ ስሚ። ሐሳቤ ሁለት ቀሚስ ብቻ ነበር። ግን ትልቅ ሻንጣ የሚሞላው አያጣም። ደህናው ጫማዬ ገባ፤ ከዚያ አንቺ ስትወለጂ የተጠቀለልሽበት ብርድ ልብስ፤ ከዚያ የእናቴ ፎቶ ከነፍሬሙ፤ ከዚያ፣ እንዳትስቂብኝ፣ ካውያው። ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው ካውያ እንደማይዝ አውቃለሁ። ለሰው ሁሉ ልኩን የምነግር ሴት ለራሴ ስሆን የማላነሣውን ሞላሁ።

ባለፈው ወር አንድ የእግር ኳስ ዳኛ መጣ። «ከሩቅ የሚታይ ሻንጣ እፈልጋለሁ፤ አምና ተቀያይሮብኝ በሰው ልብስ ነው ያጫወትኩት» አለና ቀና ብሎ ብርቱካናማውን ጠቆመ።

«ስንት ቀን ነው የምትቆየው?» አልኩት፣ የአባትሽን ጥያቄ ቀምቼ።

«ሦስት ቀን።»

«ታዲያ ይሄ ምን ያደርግልሃል? ሁለት ቁምጣና አንድ ፊሽካ ልትይዝበት? ይኸው፣ ይሄን ቀዩን ትንሹን ውሰድ፤ ይሄም ከሩቅ ይታያል።»

አባትሽ ጆሮውን ማመን አቃተው። ስንት ዘመን የተቀመጠ ዕቃ ገዢ አግኝቶ እኔ ሳባርር! «እሷን አትስማት ወንድሜ። ስትመለስ ለልጆችህ የምትገዛውን የት ልታደርገው ነው?»

«ልጅ የለኝም» አለ ዳኛው።

«ትወልዳለህ!»

«እስኪወልድ ቀዩን ይያዝ» አልኩ።

ዳኛው «እናንተን ለመዳኘትማ ፊሽካዬን ማውጣት አለብኝ» ብሎ ሳቀ። አባትሽ ግን መሰላሉን አስደግፎ ወጥቶ ነበር። እጀታውን ይዞ ሳብ አደረገው። ሻንጣው ንቅንቅ አላለም። ዚፑን በጥቂቱ ከፈተና አየ፤ መልሶ ዘጋው። ከዚያ እዚያው ሆኖ ቁልቁል አየኝ። ዓይኑ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ ያየሁት ፍርሃት ነው፣ በሕዝብ መሐል እናቱ የጠፋችበት ሕፃን የሚፈራው ዓይነት።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለው ዳኛውን፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ይኸኛው ባለቤት አለው።»

ዳኛው ቀዩን ገዝቶ ሄደ። ከዚያ ምን ተባባላችሁ ትይኝ ይሆናል። ምንም። ዝም አይነቅዝም። ራት ላይ ከራሱ ሳህን አንሥቶ ሳህኔ ላይ ጨመረልኝ። በማግስቱ መሰላሉን ከመስኮቱ ብረት ጋር በጓጉንቸር ቁልፍ ታስሮ አገኘሁት፤ መክፈቻው እሱ ኪስ ነው። አሁን ስለ ብርቱካናማው የሚጠይቅ ሲመጣ «አይሸጥም፣ ሱቁን ያሳምርልኛል» ይላል። ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፤ በረጅም መጥረጊያ አቧራውን ያራግፍለታል። ልብሴ እላይ፣ እኔ እታች፣ ሁለታችንም ለእይታ ተቀምጠናል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ገበያ ስወጣ መከተሉን ትቷል። ብዘገይም «የት ቆየሽ?» አይልም። ሻንጣው እዚያ ላይ እስካለ ድረስ የትም እንደማልሄድ አምኗል። እኔን መጠበቅ ትቶ ሻንጣውን ይጠብቃል።

የፊታችን ሐሙስ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ገበያ እወጣለሁ። ፓስፖርቴ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የክኒን ሳጥኑን ሞልቼለታለሁ። ጎረቤታችን ዚፕ ጠጋኙም ማታ ማታ ብቅ እንዲልለት ለምኜዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። እፈራለሁ ልጄ። ደረቱን የእውነት ቢያመውስ? ሁለት ጊዜ የቀረሁት ይህን እያሰብኩ ነው፤ አሁን ግን እያሰብኩትም እሄዳለሁ። እወደዋለሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? እዚህ ከቀረሁ ግን መጥላት እጀምራለሁ። ብርድ ልብስሽንና የእናቴን ፎቶ ትቼ መውጣቴ ሆዴን ይበላኛል። የመመለሻውን ቀን አሁን አትጠይቂኝ። ካውያ ካለሽ ለሁለታችን ይበቃናል።

የጀመርሽው ይሙላልሽ፤ የረገጥሽው ይለምልምልሽ፤ ደጅሽ ለእናትሽ አይጥበባት።

የምትወድሽ እናትሽ

ይህንንም እንዳትረሺ፦ አውሮፕላን ማረፊያ ስትመጪ ሻንጣቸውን እየጎተቱ የሚወጡት መሐል አትፈልጊኝ፤ ከሁሉ ቀድሜ እወጣለሁ። ሹራብ ይዘሽልኝ ነይ።