ከኤረር በር የጎደለው ክር

ታዴ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። አቦከር ያለው ቤታችን ደህና ነው፤ ጣሪያው ተቀየረ፣ ሞተርህ ላይ ዶሮዎቹ ሰፍረውበታል። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ተቀይሜሃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ደብተር ይዞ መጣ። የሞተር ውድድራችሁን ታሪክ እየጻፈ ነው፤ ሸዋ በር ላይ የአሸናፊዎች ሰሌዳ ይቆማል አለኝ። ታውቀኛለህ፣ ሰው ሲለሰልስብኝ አላምንም። ምን ፈልጎ ነው ብዬ ሻይ እንኳ ሳላቀርብ አፋጠጥኩት። ዞሮ ዞሮ ስለ መጨረሻው ውድድር ጠየቀኝ። ክው አልኩ።

ከሸዋ በር ተነስታችሁ የጀጎልን ግንብ በውጭ ዞራችሁ እዚያው ትመለሱ ነበር። በከተማው ውስጥ እንዳታቋርጡ፣ በቀሩት አራት በሮች የቆመ ሰው ሞተራችሁ መሪ ላይ ክር ያስራል። ኤረር በር የቆምኩት እኔ፣ እጮኛህ ነበርኩ። ያን ቀን እማማ ፋጡማ ከገበያ ሲመለሱ አገኙኝ። ትልቅ ሰው ሰላም ሲል ይቋረጣል እንዴ? ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ የእናቴን፣ የእህቶቼን፣ የጎረቤቱን ሁሉ ደህንነት ስነግራቸው አንድ ሞተር ከኋላዬ አለፈ። ዘወር ስል አቧራ ብቻ፤ የማን ሞተር እንደሆነ አላየሁም።

አንተ ሦስት ክር ይዘህ አንደኛ ገባህ። ዳኞቹ ሲጠይቁኝ አስሬለታለሁ፣ ወድቆበት ይሆናል አልኩ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን፣ እማማን ላለማቋረጥ ዝም ብዬ አለፍኩ አልከኝ። እኔም ለጨዋነትህ ሞትኩልህ!

ግን የዚያን ቀን ሸሚዝህን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ታዴ። ሁለቱም ትከሻው ላይ ኖራ ነበር። በውጭ በኩል ኖራ የተቀባ ግድግዳ የት አለና? እነዚያ የከተማው ጠባብ መንገዶች ውስጥ ካልገባህ ግራና ቀኝህን ምን ነካህ? ዕድሜዬን ሙሉ አልጠየቅኩህም። ብጠይቅህ እውነቱን ትነግረኛለህ ብዬ ፈራሁ።

አራቱንም ክር ይዞ ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ ዛሬም በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጤናዬን ይጠይቀኛል። ያውቅ ይሆን እያልኩ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ትናንት ባለደብተሩን አስጠርቼ፣ ክር አላሰርኩለትም፣ ዋሽቼ ነው አልኩት። የኖራውን ነገር አልነገርኩትም፤ እሱ የእኔና የአንተ ነው።

ስምህ ሰሌዳው ላይ ላይወጣ ይችላል፤ ይቅር በለኝ። ሦስቱን ክሮች ሳጥኔ ውስጥ አኑሬያቸዋለሁ፤ እነሱንም አልጥልም፣ አንተንም እስክሞት አልረሳህም። ስመጣ ግን ገና ሳልስምህ ትከሻህን ነው የማየው።

አልማዝህ