ለአባባ የተነሳሁ ዕለት

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ጠ. 2፡30

መርፌዬን ተወጋሁ። ሆዴ ላይ፣ ከእምብርቴ በስተግራ፤ ትናንት በቀኝ ነበር። ደም እንዳይረጋ ነው አሉ። ባሌ ተሾመ (ካሁን ወዲያ ተ.) ሲሚንቶ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል፣ መርፌ ሲይዝ ግን ያልበዋል። እሱ ይወጋል፣ እኔ ጣራ አያለሁ።

ትራስ በእግሮቼ መሃል። እግር ማጣመር ክልክል። ዝቅ ያለ መቀመጫ ክልክል። ማጎንበስ ክልክል። አዲሱ የብረት ዳሌ ገና ሥጋ አልያዘውም፣ እንደ እንግዳ አክብረሽ ያዢው ብሎኛል ዶ/ሩ።

ደብተሬ፣ ምን ልዋሽህ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። በዎከር እስከ ሳሎን ደርሼ ተመለስኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ህይወት እንደ ሕፃን አጨበጨበችልኝ። ለገና ኦሎምፒያ ያለው ሱቄ ገብቼ መጋረጃ እቆርጣለሁ። ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ካልቆምኩ ሱቅ የለኝም።

የተ. አባት ሊጠይቁኝ ከሆሳዕና እየመጡ ነው። አባባ። ቤቱ ይጠረግ ብያለሁ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ሰዓቱን እንጃ

ሆስፒታል። ወለቀ።

ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አላምነውም። ሶፋ ላይ ነበርኩ። ዝቅተኛው ሶፋ ላይ፣ አዎ፣ የተከለከለው ላይ። አባባን አልጋ ላይ ተጋድሜ መቀበል አፈርኩ። በሩ ተከፈተ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ገቡ። እኔ "ኖር!" ብዬ ብድግ። እጅ ለመንሳት ጎንበስ። ያለ ዎከር፣ ሳላስብ። እናቴ በቁንጥጫ ያስተማረችኝ ነው፤ ሽማግሌ ሲገባ የተቀመጠ ይነሳል፣ አለቀ። ውስጤ አንድ ነገር ቋ አለ። ከዚያ ወለሉ ላይ ነኝ። እግሬ አጥሮ ወደ ውስጥ ዞሯል፣ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ። አባባ "በእግዜር" ለማለት እንኳ አልደረሱም።

ሊፍት የለንም። ጎረቤቶች ብርድ ልብስ ጫፍና ጫፍ ይዘው አወረዱኝ። በየደረጃው መታጠፊያ ጮህኩ። ሐኪሞቹ በማደንዘዣ አስተኝተው ስበው መለሱት።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ከሰ. 10፡00

ቤት። ዶ/ሩ እንዲህ አለ፦ ዕድለኛ ነሽ፣ ሳንከፍት ገባ። ዳግም ከወለቀ ግን እንከፍታለን። መራመድ አለብሽ፣ ጡንቻሽ ነው የሚይዘው። ብዙ አወራ፣ የቀረልኝ "እንከፍታለን" ብቻ ነው።

አባባ በእኔ ምክንያት ነው ብለው እንዳያዝኑ ተ. ምክንያት ፈጠረ። ምንጣፍ አዳልጧት ነው አላቸው። ሳሎናችን ምንጣፍ የለውም። ይህን ያስታወሰው ከተናገረ በኋላ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ ጠ. 4፡00

አልተነሳሁም። ትናንትም። እግሬን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ያችን ድምፅ እጠብቃለሁ። ህይወት መጣች፣ ራሴን አሞኛል አልኳት። ሄደች።

ፖፖውን የሚደፋው ተ. ነው። ምንም አይልም። አለማለቱ ያናድደኛል። ሻዩ ቀዘቀዘ ብዬ ጮህኩበት፤ ሻዩ ትኩስ ነበር።

ከቤተክርስቲያን የጸሎት ቡድን መጡ። ጸለዩ፣ አለቀሱ፣ ሻይ ጠጡ። አንዷ ስትወጣ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ ጎበዝ ወጌሻ እንደምታውቅ ሹክ አለችኝ። ብረት ይታሻል እንዴ?

ሌላም ነገር። አባባ እዚሁ ናቸው፣ ግን ወደ ክፍሌ አይገቡም። ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ወንበር አስመጥተው ተቀምጠዋል። ጠዋትና ማታ ከዚያው ሆነው እንዴት ነሽ ይሉኛል። ጌታ ይመስገን እላለሁ። ተቀይመው ይሆን? ተ. ን ጠየቅኩት፣ እንጃ አለኝ።

ጌታ ሆይ፣ ወይ አስነሳኝ፣ ወይ

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ከሰ. 8፡00

መብራት የለም። አውሮፕላኖች በላያችን ዝቅ ብለው ያልፋሉ፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሰው አገር ያቋርጣል። እኔ ኮሪደር አልተሻገርኩም።

ትናንት ህይወት ብርድ ልብሱን ገልጣ ጭኔን በሜትር ለካች። የመስፊያ ሜትሬ ነው፣ ከኮመዲኖዬ ላይ ያነሳችው። ቀጥኗል አለች። ዳሌሽን በመተኛት የምትጠብቂው መስሎሻል፣ እያላላሽው ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ አባረርኳት። አትምጪ አልኳት፣ ልጄ ልትሆን የምትችለውን ልጅ። ሜትሩን አጣጥፋ ኮመዲኖው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

አልቻልኩም ደብተሬ። ልበርታ ስል ውስጤ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ በርቺ ይለኛል። በምን?

ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ ጠ. 3፡00

ዛሬ አባባን ጠየቅኳቸው። ግድግዳውን እያየሁ፣ ጮክ ብዬ። አባባ፣ ለምን አይገቡም? አስቀየምኩዎት?

ወንበራቸውን ወደ በሩ ሲያስጠጉ ሰማሁ። ከዚያ፦

"ልጄ አስቴር፣ ከገባሁ ትነሻለሽ።"

አልነሳም አባባ፣ አልኩ።

"ትነሻለሽ። አትነሺ ብልሽም ትነሻለሽ። አስተዳደግሽን አይቻለሁ። የእኔ ቦታ እዚህ ነው፣ እስክትድኚ።"

ቀጥለው ደግሞ ምንጣፉን ሳሎን ውስጥ ፈልጌ አጣሁት አሉ። ሳቅሁ። ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞረ። እኒህ ሽማግሌ ኮሪደር ላይ ብርድ የሚመታቸው እኔ እንዳልነሳ ነው። ሁሉንም ያውቁ ነበር። እኔ ደግሞ ተቀየሙኝ እላለሁ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ፣ ከሰ. 11፡00

አባባ ነገ ጠዋት ወደ ሆሳዕና ይመለሳሉ። እርሻው ሰው የለውም። ለተ. ሳልገባ ከበሩ ውጭ ሆኜ እመርቃታለሁ ብለውታል። ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው፣ ልባቸውም ደህና አይደለም። ፊታቸውን ሳላይ ሊሄዱ ነው።

ብቻዬን ሞከርኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ላብ አጠመቀኝ። ዎከሩን ያዝኩ፣ ሰውነቴን ላነሳ ስል ጭኔ አልሸከም አለኝ። ተመለስኩ። ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ፣ ኮሪደሩ እንዳይሰማ። ቆመው የሚሄዱትን ሁሉ ጠላሁ። ተ. ን እንኳ፣ ኩሽና ውስጥ ሲራመድ።

ከዚያ ስልኩን አንስቼ ህይወት ጋ ደወልኩ። ይቅርታ ልላት አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው "ነይ" ብቻ ነው። በጠዋት እመጣለሁ አለች።

ወስኛለሁ። ነገ እሳቸው አይገቡም፣ እኔ እወጣለሁ። ቆሜ ከደረስኩ መነሳት የለብኝም፣ ማጎንበስም የለብኝም። ከወለቀ ይውለቅ፣ ይክፈቱት። ከዚህ አልጋ ላይ ግን ሰው በግድግዳ አልሸኝም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ጠ. 1፡15

ህይወት ደርሳለች። ወገቤን በመቀነት አስራ ከኋላ ይዛለች። ጫማ አደረጉልኝ። ተ. በሩን ሊከፍት ቆሟል፣ ዛሬም ያልበዋል። ትንሽ ልጻፍ ብዬ አስቆምኳቸው። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኮሪደሩ ላይ ወንበር ተንቋቋ። አባባ ከዘራቸውን እያነሱ ነው። ጌታ ሆይ፣ ይሄዳሉ። ህይወት "በይ" ትላለች። እስክሪብቶውን ልጣለው፣ ዎከር በሁለት እጅ ነው የሚያ