በወይራ የታጠነው እንስራ

ይመኙሽ፣
ልጄን አበቡን ሐኪም ቤት ይዣት ሄጃለሁ። ከማለዳ ጀምሮ ያስመልሳታል።

ያፈላሁትን ውሃ ደፍተሽ፣ እንስራውን በወይራ አጥነሽ ከቧንቧ ሞላሽው። ሸጋ ሥራ! ጭስ በሽታ የሚገድል ቢሆን ወጥ ቤታችን ሐኪም ቤት በሆነ ነበር።

«ከብረት የወጣ ውሃ ማንን ይጎዳል» ትያለሽ። ብረቱ ከየት እንደሚጠጣ ምነው ወንዝ ወርደሽ አታዪም? «ካርቱም ያደገ ሆድ ቅምጥል ነው» ብለሽም ከካርቱም በመጣነው በእኛ ስቀሻል። በይ ሳቂ።

ማሰሮውን ምድጃው ላይ ትቼዋለሁ፣ እሳቱን አንድጂ። እስኪንተከተክ ጠብቂ፣ ክደኚው። ይቀዝቅዝልኝ ብለሽ ጥሬ ውሃ እንዳትከልሺበት።

ትናንት በጎረቤት ፊት ያልኩሽን...
ተይው።

ለእኛ ብለሽ አታፍዪ፤ ለራስሽ ብለሽ አፍዪ። ቀሚስሽን ሆዱ ላይ ለምን እንዳሰፋሽው አውቃለሁ። የሚወለደውም ጎንደሬ ነኝ ብሎ ከተቅማጥ አያመልጥም።