ከወንዙ ጋር የማይተዋወቀው ውሃ

የካቲት 3
ወንዝ ዳር ያሉትን የውሃ ከፍታ መለኪያ ጉድጓዶች እየዞርኩ ገመድ ስሰድ፣ ገመድ ስስብ ዋልኩ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ለዚህ ነበር እንግዲህ። ከታች የተሠራው ግድብ ከተዘጋ ወዲህ ነገር ተገልብጧል። ድሮ ከመሬት ስር ያለው ውሃ ነበር ወደ ወንዙ የሚሄደው። አሁን ወንዙ ሞልቶ ወደ መሬቱ እየገፋ ነው። ለአለቃዬ ነገርኩት፣ ለጋሽ ስብሰባ።
"ትንሽ ልውውጥ ነው፣ ችግር የለውም።"
ከዚያ ስብሰባ ገባ። ሌላ የት ሊገባ!

የካቲት 5
ልጄን ተቅማጥ ያዘው። ገና ድክ ድክ እንኳን አላለም... ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ "ውሃ አፍልታችሁ ነው የምትሰጡት?" አለችኝ። ለአማቴ ነገርኳቸው። የሰደብኳቸው ነው የመሰላቸው። የግቢው ጉድጓድ የሳቸው ነዋ። ከወንዙ ጋር አጥር ለአጥር ነን፣ እሳቸው ግን...
"የኔ ውሃ ከወንዙ ጋር አይተዋወቅም! ባልሽን በምን ያሳደግኩት መስሎሽ ነው?"
ባሌስ? እናቱ ፊት ጆሮው አይሰማም፣ አፉም አይናገርም።

የካቲት 6
ላስረዳቸው ሞከርኩ። ወንዙ ከፍ ሲል ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ ሲጎድል መልሶ ይወስዳል፣ ልውውጥ ይባላል... ምናምን።
"ልውውጥማ ሰጥቶ መቀበል ነው። እኔ ለወንዙ ምን ሰጠሁት?"
እስቲ ማን ይመልሳል?

የካቲት 9
ቢሯችን ወንዙ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ጨመረ። ማንንም አይጎዳም፤ ውሃው በመሬት ስር የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ነው። ሐሳቡ የኔ፣ ምስጋናው የጋሽ ስብሰባ። እንደ ወጉ።
ቤት ደግሞ እኔ ተደብቄ አፈላለሁ። አማቴ ተደብቀው ይደፉትና ልጁን ከጉድጓዳቸው ያጠጡታል። እንዴት ያለ የተባረከ ቤተሰብ!

የካቲት 17
ልጄ ተሽሎት ነበር፣ አገረሸበት። ዓይኑ ጎድጉዷል። ቀልድ አልመጣልኝም ዛሬ። ፈራሁ።

የካቲት 20
ጉድ! ባሌ ነጭ ሸሚዙን ሊለብስ ቢያነሳው... አረንጓዴ። ትናንት ማታ በጨለማ ያጠቡት አማቴ ናቸው።
"ምን ዓይነት ሳሙና ነው የገዛሽው?"
ሳሙና! ባልዲ አንስቼ ወደ ጉድጓዱ። ቀዳሁና ፊታቸው አስቀመጥኩት። ጎመን የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል። ስንት ተረብ አዘጋጅቼላቸው ነበር!
ባልዲውን አዩ። አባቱ ያቀፈውን ልጅ አዩ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።
ተረቤን ዋጥኩት።

መጋቢት 8
ልጁ ድኗል፤ ሲስቅ ውሎ ሲስቅ ያመሻል። ውሃ ከላይ ሰፈር ቧንቧ እያስመጣን እናፈላለን። የሚያፈሉት አማቴ ናቸው፣ ሌላ ሰው ምድጃው ጋ አያስደርሱም።
ዛሬ ቢሮ ድረስ መጡ። ከጉድጓዳቸው አንድ ብርጭቆ ቀድተው! ጋሽ ስብሰባ ስብሰባ ላይ ነው ቢባሉ ማን ሊሰማ፤ በሩን ከፍተው ገቡና ብርጭቆውን ፊቱ አኖሩት።
"ችግር የለውም ብለሃል አሉ። በል ጠጣ፣ ልጄ።"
ብርጭቆውን አየ። እኔን አየ። አሁን ገና ሻይ መጠጣቱን ገለጸ። ተሰብሳቢው ሁሉ አቀረቀረ፣ ጸሐፊዋ ብቻ ሳቋ አመለጣት። ከሰዓት በኋላ ለወንዝ ዳር ቤቶች በሙሉ ውሃ በቦቴ እንዲታደል ታዘዘ። ለካ ይቻላል!
ስንመለስ አማቴ ክንዴን ያዙኝ። ይዘውኝ አያውቁም።
"አንቺ... ልጁ ሲያድግ እንዳትነግሪው። በገዛ እጄ ነው ያጠጣሁት።"
"ምኑን ነው የምነግረው?" አልኳቸው።