ሽሜ፣ በስምህ ካዚኖ ሊያስገቡብን ነበር

ሽሜ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምልህ አጥቼ አይደለም፤ በልቤ ሳወራህ ስለምውል ወረቀት አላስፈለገኝም ነበር። በቅርቡ የሰማሁትን ግን በልቤ ብቻ ይዤው መዋል አቃተኝ። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሚካል ነርስነቷን ጨርሳ፣ እዚሁ ላስ ቬጋስ ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች አንዱ ውስጥ ሥራ ገብታለች። ናቲ ቁመቱ ካንተ በልጧል፤ ጃኬትህን ሞክሮ እጅጌው ቢያጥረው ተናዶ መልሶ ሰቀለው። የተከልከው ሮማን ዘንድሮ አፈራ፤ ወፎቹ ግን ቀደሙኝ። እኔ አሁንም ትምህርት ቤቱ ኩሽና ውስጥ ነኝ።

ከቤታችን ጀርባ ያለው ባዶ መሬት፣ ናቲን ብስክሌት ያስተማርክበት፣ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ትልቅ ሰሌዳ ተተክሎበት አየሁ። መኪናዬን ዳር አስይዤ ወርጄ አነበብኩት። ሆቴልና ካዚኖ ሊሠራበት ታስቧል ይላል። እንግሊዝኛዬ ያሳሳተኝ መስሎኝ ፎቶ አንስቼ ለሚካል ላክሁላት። "እማ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው" ብላ መለሰችልኝ። እዚያው ቆሜ ዞር ስል የምሠራበት ትምህርት ቤት በር ይታየኛል። ልጆቹ ከአውቶቡስ እየወረዱ ነበር።

ስብሰባ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። ዕድር ላይ እንኳ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ ጓዳ እገባለሁ። አሁን ግን ማንን ልላክ? ከፊት ለፊታችን ያለችው ጡረተኛ፣ ጁዲ፣ የተቃውሞ ፊርማ ስታሰባስብ አብሬያት ቤት ለቤት ዞርኩ። ሮድስ ራንች የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄደን በር አንኳኳን። የአካባቢያችን አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ የሰፈሩን ሰው አስተያየት የሚሰማበት ቀን ሲደርስም ተናጋሪ ሆኜ ተመዘገብኩ። ሚካል ያረመችልኝን አንድ ገጽ በቦርሳዬ ይዤ ገባሁ።

ግማሹ አዳራሽ ቀይ ቲሸርት ለብሶ ነበር። ካዚኖውን ሊሠራ ያሰበው ኩባንያ ደጋፊዎቹን በአውቶቡስ አምጥቶ፣ ቲሸርትና ሳንድዊች አድሎ ነው ያስገባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ደረጀ ነበር። አዎ፣ ያንተው ደረጀ። ዲለር ሆናችሁ ካርድ ማደል አብራችሁ የጀመራችሁት፣ ናቲን ክርስትና ያነሳው፣ አስከሬንህን ከፊት ሆኖ የተሸከመው ደረጀ። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ።

ስሙ ሲጠራ ማይኩ ጋ ሄደና በካዚኖ ሥራ ቤተሰቡን እንዴት እንዳስተዳደረ ተናገረ። እሱስ እውነት ነው፤ ማን ይክደዋል? እኛም እኮ የበላነው ያንኑ እንጀራ ነው። ቀጠለና ግን እንዲህ አለ፦ "ጓደኛዬ ሽመልስም ልጆቹን ያሳደገው በዚሁ ሥራ ነው። ዛሬ በሕይወት ቢኖር አጠገቤ ቆሞ ይህን ካዚኖ ይደግፍ ነበር።"

ሽሜ፣ ከቀብርህ ወዲህ ስምህን በማይክ ሰምቼው አላውቅም። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ጁዲ ምንም ሳይገባት እጄን ያዘችኝ።

ብዙም ሳይቆይ እኔ ተጠራሁ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። "የሽመልስ ሚስት እኔ ነኝ" አልኩ። ከዚያ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ፣ አንተ የሰፈር ካዚኖ ውስጥ ስትሠራ የሆነውን ነገርኳቸው። ሚካል ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ የትምህርት ቤቷ አውቶቡስ ሹፌር የነበረችው ሴትዮ ልጆቹን ቤታቸው አድርሳ፣ ከነዩኒፎርሟ መጥታ፣ አንተ ካርድ የምታድልበት ጠረጴዛ ላይ ለቁማር መቀመጧን። በማግስቱም መምጣቷን። በሦስተኛው ቀን አንተ ቤት ገብተህ፣ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ ብለህ ያልከኝን አንድም ሳልጨምር ነገርኳቸው፦ "ቱሪስት ተጫውቶ አውሮፕላኑን ይሳፈራል። የሰፈር ሰው ግን ነገም ይመጣል። እኔ ጎረቤቴን መብላት አልችልም።" ከሦስት ሳምንት በኋላ በፈቃድህ ለቅቀህ ቱሪስቱ የሚበዛበት ስትሪፕ ላይ ሥራ መግባትህን ስናገር የተሰጠኝ ሰዓት አለቀ።

ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ስወጣ ደረጀ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ሰብሊ፣ የተናገርሽው ልክ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም" አለኝ።

"ደግሞ ምን ቀረህ?" አልኩት። ልሳደብ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ሽሜ በፈቃዱ አልለቀቀም። አባረውት ነው።"

በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ስትቀመጥ ካርዱን ሰብስበህ፣ ወደ እሷ ጎንበስ ብለህ፣ "ይበቃሻል፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ" ብለሃት ኖሯል። አለቃህ ሰማህ፤ ያንኑ ዕለት የሥራ መታወቂያህን ተቀብለው ሸኙህ። ደረጀ ከጎንህ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያድል ስለነበር ሁሉንም አይቷል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነጭ ሸሚዝህንና ጥቁር ሱሪህን ለብሰህ ከቤት እየወጣህ፣ ኖርዝ ላስ ቬጋስ እሱ ቤት ስትውል፣ የሥራ ማመልከቻ ስትሞላ ከርመሃል። "እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር" አለኝ።

ሽሜ፣ በየቀኑ ምሳህን እቋጥርልህ ነበር እኮ! "ቀንህ ይቅናህ" ብዬ በር ላይ እየሸኘሁህ፣ አንተ ወዴት እንደምትሄድ እያወቅህ ዝም አልከኝ? ያን ሰሞን ናቲን አርግዤ ነበር፤ እንዳልደነግጥ ብለህ ይሆናል። ያኔ ያራቅክልኝ ድንጋጤ ይኸው አሁን ደረሰኝ። ያን ያህል ዓመት አብሬህ ተኝቼ ተነስቼ፣ ያደረግከውን ትልቁን ነገር ከሰው አፍ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ ሰማሁት።

"ይህን እያወቅህ ስሙን እንዴት ትጠራዋለህ?" አልኩት።

"የምሠራበት ካዚኖ ሺፍቴን ቀንሶብኛል፣ ሰብሊ። እነዚህ ግን እዚህ ከተከፈተ ሱፐርቫይዘር እናደርግሃለን አሉኝ። ሽሜን ብጠራ ሰው ያምነኛል ብዬ ነው።" ቀጠለና፣ "ያን ቀን እኔ ብሆን ዝም ብዬ ካርዱን አድላት ነበር። እስከ ዛሬም ዝም ብዬ ነው የማድለው" ብሎ ፊቱን አዞረ። ከዚያ በፊት ሲያለቅስ ያየሁት በቀብርህ ቀን ብቻ ነበር።

ሴትዮዋስ ተነስታ ሄደች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ሄደች" አለኝ። "ዳግመኛ እኛ ጋ አልመጣችም። ሌላ ቦታ ሄዳም እንደሆን አላውቅም።"

አላቀፍኩትም፣ አልሰደብኩትምም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እሱ እስኪሄድ ድረስ ቁልፉን አላዞርኩም።

በሁለተኛው ስብሰባ ደረጀ ብቻውን፣ በራሱ ኮት መጣ። ተመዝግቦ ኖሮ ተጠራ። "ባለፈው ስብሰባ ላይ፣ የሞተ ጓደኛዬን ስም የጠራሁት ያለ አግባብ ነው። እሱ ይህን አይደግፍም ነበር" ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ቀይ የለበሱት ዞረው ዞረው አዩት። ከዚያ ድምፅ ተሰጠና ካዚኖው በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ። ሰዉ ተነስቶ ሲያጨበጭብ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ደስታ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም። ጁዲ ግን "የፊርማውን ወረቀቶች እንዳትጥዪ፣ ሌላ ፕላን ይዘው ይመጣሉ" አለችኝ። ይምጡ፤ እኔም እመጣለሁ።

ደረጀ ቃል የተገባለትን ሥራ አላገኘም። በዚያው በተቀነሰው ሺፍቱ አለ። ቂም አልያዝኩበትም ብልህ እዋሻለሁ። ቢሆንም ባለፈው እሑድ ደውዬ ምሳ ጠራሁትና መጣ። ለልጆቹ ያንን ቀን ራሱ እንዲነግራቸው ፈለግሁ፤ ያየው እሱ ነዋ። ናቲ አፉን ከፍቶ ሰማ። ሚካል ሴትዮዋን ታስታውሳታለች፤ "እማን በር ላይ እስክታያት ድረስ አውቶቡሱን አታስነሳም ነበር" አለችን። ከዚያ ተነስታ ጓሮ ወጣች።

ሽሜ፣ እንግዲህ ባልሽ ምን ይሠራ ነበር ብለው ሲጠይቁኝ፣ "ካርድ ያድል ነበር" ብዬ አላልፍም። አንዲት የአውቶቡስ ሹፌር ወደ ቤቷ እንድትሄድ ነግሮ እንጀራውን ያጣ፣ ለሚስቱም ሳይናገር ያለፈ ሰው ነበር እላለሁ። በማይክም ቢሆን፣ በየጎረቤቱ በርም ቢሆን እናገረዋለሁ። የማውቀውን ሽመልስ ብቻ ሳይሆን፣ የደበቅከኝንም ጨምሬ ዕድሜ ልኬን አስታውስሃለሁ።

ያንተዋ፣
ሰብለ