የታደሰ ትንፋሽ

ጥቅምት 8 ቀን 2004፣ ጠዋት
ዛሬም ሞከርኩ። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ። እጅ ሆድ ላይ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ጥቂት መያዝ፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ ከንፈርን አሹሎ መልቀቅ። የጤና ጣቢያዋ ሲ/ር ለምለም ናት ያስተማረችኝ። ለጀማሪ ነው፣ ቀላል ነው አለች። ቀላል እቴ! ባሌ ታደሰ ክረምት ላይ ከሞተ ወዲህ ከሲቀላ ገበያ ዘንቢል ይዤ ስመለስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሳንባሽ ደህና ነው፣ ሐዘን ነው አለችኝ። እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የቢሮ ታይፕ ስቀጠቅጥ የኖርኩ ሴትዮ፣ መተንፈስ ልማር!

ጥቅምት 9
ማስታወሻዬ፣ ይሄ ላንቺ ብቻ ነው። ትንፋሼን ስይዝ የሌላ ሰው ትንፋሽ ሰማሁ። ቤት ውስጥ ካለው ከታደሰ የሸማ መሥሪያ ዕቃ በኩል። ዕቃው እንደተወው አለ፤ ግማሽ የደረሰ ጋቢ፣ ድሩ እንደተወጠረ፣ ከሥሩ ሲሠራ እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ። በስመ አብ! ተነስቼ አየሁ። ማንም የለም። በሩም ዝግ ነው።

ጥቅምት 11፣ ከሰዓት
አወቅኩት። የራሱ ነው። ታደሰ ክር ሲበጠስበት ትንፋሹን ስቦ ይይዛል፤ ቋጥሮ እስኪጨርስ አይለቅም። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ብለው አባቱ ጨንቻ ያስተማሩት ነው። ሲጨርስ እፎይ ይልና በይ አሁን ተናገሪ ይለኝ ነበር። እኔ ለፍላፊዋ ወሬዬን አፌ ውስጥ ይዤ ስጠብቀው! አሁን የምሰማው መሳቡን ነው። ከዚያ ዝም። መልቀቁን አልሰማም።
ፈራሁ። ደስም አለኝ። ምን ጉድ ነው?

ጥቅምት 14
አብዝቼ ያዝኩ፣ ጆሮዬ እስኪጮህ። ስይዝ ይመጣል፤ ስለቅ ይሄዳል። ታዲያ ለምን ልልቀቅ? ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ወድቄአለሁ፤ ክርኔ ተልጧል። ጎረቤቴ ወ/ሮ አስቴር ስወድቅ ሰምታ ሮጣ መጣች። ጠበል ካልተጠመቅሽ ሞቼ እገኛለሁ አለች። እሺ አልኳት። አልሄድም። ጠበሉ ቢያባርረውስ?

ጥቅምት 15
መውደቄን ስነግራት ሲ/ር ለምለም ተቆጣች። ግብግብ አይደለም፣ አየር ሲያምርሽ ወዲያው ልቀቂ አለች። ዋናው መልቀቁ ነው አለች። ቀና ብዬ አላየኋትም። ምን ልበላት? ባሌን ይዤዋለሁ ልበላት?

ጥቅምት 17
የታደሰ ታናሽ ወንድም ባሳ ከጨንቻ ወረደ፤ እሱም ሸማኔ ነው። ጋቢውን ጨርሶ ዕቃውን ሊወስድ። በእነሱ ቤት የሞተ ሰው ሥራ ተወጥሮ አይቀርም፤ የአባታቸውን የመጨረሻ ጋቢ የጨረሰው ታደሰ ነበር። አይሆንም አልኩ። ጮህኩበት፣ በሰው ፊት። እሱ እቴ፣ ያመጣልኝን ፖም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በሩ ጋ ሲደርስ ብቻ፣ "እትዬ፣ እሱም እኮ ይደክመዋል" አለኝ። እዚሁ ከተማ ሴቻ ዘመድ ቤት አድሮ ነገ ወደ ጨንቻ ይመለሳል።
እኩለ ሌሊት ነው፤ ያቺ ቃል አላስተኛችኝም።

ጥቅምት 18፣ ማለዳ
ተቀመጥኩ። ሳብኩ። ያዝኩ። መጣ። እሱም ሳበ፤ ያዘ። ዝም። ዝም።
ያኔ ገባኝ። እኔ ከልቤ ካልለቀቅኩ እሱም አይለቅም። ይሄን ሁሉ ቀን አፍኜዋለሁ። ታዴዋ፣ አፈር ልብላልህ! እንባዬ መጣ። ከንፈሬን አሾልኩና ቀስ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ለቀቅኩ።
ከጉድጓዱ በኩል እፎይ አለ።
በይ አሁን ተናገሪ እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም። ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ምንም የለበትም። ደግሜ ልይዝ አፌን ገጠምኩ። ተውኩት።
ባሳ ጋ ደወልኩ። ና አልኩት፤ ግን እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ጨርሰው።
አሁን መጥቶ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከቷል። ያስተማሯቸው አንድ አባት ናቸው። ክር ሲበጠስበት እሱም ትንፋሹን ይይዛል። እሰማዋለሁ። እኔ ግን እተነፍሳለሁ።