ፊቴን አልሸፍንም

ይድረስ ጅዳ ላሉት ለወንድም ጋሼ ጀብሪል፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ሙቀቱስ በረደልዎት ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ብርቱካኑም ደርሷል።

ባለፈው በስልክ «ቁስሉ እስኪሽርልሽ ሐራ ከተማ ዘመድ ቤት ሁኚ፤ በልጅሽ ኒካህም ቀን ከጓዳ አትውጪ» ብለውኛል። ታላቄ ነዎትና ያን ጊዜ አልተከራከርሁም። አሁን ግን መልሴን ይስሙ። አልሄድም፤ ጓዳም አልቀመጥም።

ያመመኝ አልማዝ ባለ ጭራ ነው። መጀመሪያ ግንባሬን እንደ እሳት ለበለበኝ፤ ከዚያ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ እስከ ቀኝ ዐይኔ ወረደ። አንዱ ጎረቤት «የሰው ዐይን ነው» አለ፤ ሌላው «ኤች አይ ቪ ነው» እያለ አንሾካሾከ። ብርቱካኔን የሚገዛ ጠፋ። ልጄ ሀጂራ እጄን ይዛ ወልድያ ወሰደችኝ።

ዶክተር ሰላም የምትባል ሐኪም «በልጅነትሽ ጉድፍ ወጥቶብሽ ነበር?» አለችኝ። እኔና እርስዎ አብረን ታመን፣ እንዳናክ እማዬ እጃችንን በጨርቅ ስትጠቀልልብን ትዝ አለኝ። ለካ ያው ቫይረስ ነው! ነርቬ ውስጥ አድፍጦ ኖሮ ሰውነቴ ሲዳከም ተነሣ። እንዴት እንደሚገባም አስረዳችኝ። ቫይረሱ ላዩ ላይ ፕሮቲኖች አሉት፤ በነሱ የሰውነታችንን ሕዋስ ቆንጥጦ ይይዛል። ከዚያ አንደኛው ፕሮቲን የቫይረሱንና የሕዋሱን ሽፋን ስቦ ያዋህዳቸዋል፤ በዚያው ሰርጎ ይገባል። «ታዲያ የሰው ዐይኑ በየት በኩል ገባ?» ብላት ሳቀች። ቁስሉ እስኪደርቅ ሸፍኜ እንድቆይ፣ ከነፍሰ ጡርና ከሕፃን እንድርቅ ነገረችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ፤ ኪኒኑንም ጨረስሁ፤ ደረቀ።

ይህን ጊዜ የሙሽራው አጎት ኡበይደላ ሽማግሌ ይዞ መጣ። «የደም ምርመራሽን ውጤት ካላሳየሽን ኒካሁ ይቅር» አለ። ተመርምሬያለሁ፤ ግን አላሳየሁትም። «እሱ የእኔና የሐኪሜ ነው። የምትወስዱት ልጄን ነው ወይስ ደሜን?» አልሁት። ሀጂራም ከጓዳ ወጥታ «እናቴ የምትደበቅበት ኒካህ ለእኔም ይቅርብኝ» አለች። ሽማግሎቹ አቀረቀሩ፤ እሱ ተቆጥቶ ወጣ።

ቅዳሜ መርሳ ገበያ ፊቴን ገልጬ ተቀመጥሁ። እስከ ቀትር ዝር ያለ የለም። እልህ ቢይዘኝ ብርቱካኔን እየላጥሁ ብቻዬን እበላ ጀመር። ሙሽራው ናስር ከየት መጣ ሳልል አጠገቤ ቁጭ አለና፣ ከላጥሁት አንሥቶ ጎረሰ። ገበያው ሁሉ እያየ! እንባዬ መጣ፤ ግን ዋጥሁት። ማልቀሴን እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም።

ኒካሁ በቀኑ ነው። አጎትየው አልመጣም ብሏል፤ ይቅር። ግንባሬ ላይ ጠባሳ አለ፤ ቀኝ ዐይኔም ትንሽ ደብዝዟል። በር ላይ ቆሜ እንግዳ የምቀበለው ግን እኔው ነኝ። እርስዎ አፍረው ቢቀሩ ሆዴ ይባባል፤ ድግሱ ግን አይቀርም። ከመጡ፣ ከመኪና ሲወርዱ እርስዎን ለመለየት ይህ ዐይኔ ይበቃል።

ለባለቤትዎ ለእትዬ ብዙነሽ ሰላምታዬ ይድረሳት። አሚርን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ አብዱልሐሊምንም አክስትህ ናፍቃሃለች ይበሉልኝ። ሀጂራ እጅዎን ትስማለች።

እህትዎ ዓቢዳ
መርሳ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.